ፈተናው ከመድረሱ በፊት

ምሽት ላይ ሚሌ የገባ የከባድ መኪና ሹፌር መጀመሪያ የሚፈልገው ውሃ ነው። ሸሚዙ በላብ ተነክሮ ደርቋል፤ ረዳቱ በባትሪ እያበራ ጎማ ይፈትሻል፤ መንገድ ዳር የተደረደሩት መኪኖች ሞተራቸው ገና አልቀዘቀዘም። የአፋር ሙቀት ከመሸም በኋላ ስለማይለቅ አልጋ የሚዘረጋው ውጭ፣ ከሰማይ በታች ነው። ቡና ይፈላል፣ ሙዚቃ ይሰማል፣ የምታስተናግደው ልጅ በስሙ ትጠራዋለች። ባለፈው ጊዜ በዚህ ሲያልፍ ስለ ልጁ ሕመም የነገራትን አልረሳችም፤ «ተሻለው?» ብላ ትጠይቀዋለች። ሚስቱ ያለችው አዳማ ነው። ነገ ጋላፊ ላይ ድንበሩን ይሻገራል፤ ጅቡቲ ላይ ጭነት እስኪደርሰው ስንት ቀን እንደሚቆም አያውቅም። ኪሱ ውስጥ የመንገድ አበል አለ። እዚህ ያደረገው አዳማ አይሰማም።

ይህ የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር የተነሳው ጦርነት የአሰብን በር ከዘጋ ወዲህ ከኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ከዘጠና በመቶ የሚበልጠው የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ምሽት እጅግ ብዙ ሹፌሮችና ረዳቶች በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌ፣ በሎግያ ያሳልፉታል። ኤችአይቪ በተስፋፋባቸው ዓመታት የጤና ሠራተኞች ኮንዶምና ምርመራ ይዘው ወደዚህ መስመር የወረዱት በምክንያት ነበር።

ከእነዚህ ሹፌሮች መካከል ዓመት እስከ ዓመት ብቻቸውን የሚያድሩ አሉ። እንዲህ ያለውን ሰው ስናደንቅ «ልቡ ጽኑ ነው» እንላለን፤ የወደቀውን ደግሞ «ስሜቱን መግዛት አቃተው» ብለን እናልፈዋለን። ሁለቱም አነጋገር የሚነሳው ከአንድ ሐሳብ ነው፤ ሰውና ፈተና ፊት ለፊት ይገጥማሉ፣ ጉልበት ያለው ያሸንፋል፣ ጉልበት ያጣው ይወድቃል። ስለ ራስን መግዛት ላለፉት ሃምሳ ዓመታት የተደረገው ጥናት ይህን ሐሳብ ክፉኛ አናግቶታል። እኔ ደግሞ ሐሳቡ ትዳር እያስፈረሰ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰዎች ጥንቃቄያቸውን በሙሉ ለመጨረሻዋ ደቂቃ ያቆዩታል፤ ከዚያች ደቂቃ በፊት የነበሩት ሳምንታት ያለ ጠባቂ ያልፋሉ።

በጀርመን አገር ቩርዝቡርግ በምትባል ከተማና በአካባቢዋ፣ ቪልሄልም ሆፍማን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ለ205 ሰዎች ስልክ አደለ። ስልኩ ለአንድ ሳምንት ያህል በቀን ውስጥ በተለያየ ሰዓት ይጠራል፤ ሰውየውም በዚያች ቅጽበት የሚመኘው ነገር ካለ፣ ምኞቱ ከሌላ ዓላማው ጋር ይጋጭ እንደሆነ፣ ታግሎትም እንደሆነ ይመልሳል። ምግብ፣ እንቅልፍ፣ ሲጋራ፣ ወሲብ፣ ስልክ መነካካት ሁሉም ተመዘገበ። በ2012 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲታተም ብዙ ሰው የሚጠብቀው አልተገኘም። ራሳቸውን በመግዛት ከፍተኛ ነጥብ ያገኙት ሰዎች ከሌላው በርትተው ሲታገሉ አልታዩም። እንዲያውም የሚታገሉት ያነሰ ነበር። ከዓላማቸው ጋር የሚጋጭ ምኞት ራሱ በቀናቸው ውስጥ እምብዛም አይገጥማቸውም። ኑሯቸው የተሰናዳው ፈተና ጥቂት በሚገባበት መንገድ ነበር።

ይህን ከዚያ በፊት በሕፃናት ላይ ያየው ሰው ነበር። ዋልተር ሚሼል ቪየና ተወልዶ ናዚዎች አገሩን ሲይዙ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ የተሰደደ ሰው ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለው የቢንግ መዋዕለ ሕፃናት፣ አራት ዓመት ገደማ የሆናቸውን ልጆች አንድ በአንድ ወደ ክፍል እያስገባ ምርጫ ሰጣቸው፤ አሁን አንድ ጣፋጭ፣ ወይም ተመራማሪው እስኪመለስ ከጠበቁ ሁለት። ሙከራው ዝነኛ የሆነው «የታገሠ ልጅ ሲያድግ ይሳካለታል» በሚለው ነው። ያ ክፍል በ2018 እ.ኤ.አ. ከዘጠኝ መቶ በሚበልጡ ልጆች ላይ እንደገና ሲመረመር በጣም ቀንሶ ተገኝቷል፤ የቤተሰቡ ኑሮና ትምህርት ሲታሰብበት ደግሞ ከቀረው ላይ ብዙው ጠፍቷል። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን ብዙ ያልተወራለት ክፍል ነው፤ ልጆቹ የታገሡት እንዴት ነው? ጣፋጩ ከፊታቸው ተቀምጦ ሲታይ ቶሎ ይሸነፋሉ፤ ሲሸፈን ብዙ እጥፍ ይቆያሉ። ጣፋጩን እያዩም ቢሆን የቆዩት ልጆች ፊታቸውን ያዞራሉ፣ ዓይናቸውን በእጃቸው ይከድናሉ፣ ይዘፍናሉ፣ በእግራቸው ይጫወታሉ። ጣፋጩ ላይ አፍጥጦ ጥርሱን ነክሶ የሚጠብቅ ልጅ ብዙ አይቆይም ነበር።

«ሰው ሲደክመው ፈቃዱም ይደክማል» የሚለውም ሐሳብ ለረጅም ጊዜ እንደ እውነት ተቆጥሯል። ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ፣ ትኩስ ብስኩት እየሸተታቸው ቀይ ሥር መሰል ፍጅል ብቻ እንዲበሉ የተደረጉት ተማሪዎች ቀጥሎ በተሰጣቸው አስቸጋሪ እንቆቅልሽ ላይ ቶሎ ተስፋ ቆረጡ። ከዚያ ተነስቶ ፈቃድ ተጠቅመው የሚጨርሱት ነገር ነው ተባለ። በ2016 እ.ኤ.አ. ሃያ ሦስት ቤተ ሙከራዎች ተባብረው ሐሳቡን እንደገና ሲፈትኑት ውጤቱ ከዜሮ የማይርቅ ሆነ። «ደክሞኝ ነበር» የሚለው ማሳበቢያ፣ ቢያንስ በዚያ መልኩ፣ የተማመነበት ምሰሶ ተነቃንቋል።

እዚህ አገር ላደገ ሰው ይህ ሁሉ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። አንድ ሰው ለ55 ቀን በየምሽቱ ፊቱ ከሚንጨረጨር ጥብስ ጋር እየታገለ አይጾምም። ቅበላው ሲያልፍ ቅቤው ከጓዳ ይነሳል፣ ብዙ ልኳንዳ ቤት ይዘጋል፣ የቤቱ ድስት ሽሮና ምስር ብቻ ያውቃል፣ ጎረቤቱም አብሮ ይጾማል። ለዚህ ነው እጅግ ጽኑ የማይባለው ሰው እንኳ ጾሙን የሚጨርሰው። ባለትዳሮችም በጾሙ ወራት ከመኝታ ይታቀባሉ፤ ያንንም የሚያደርጉት አስቀድመው ተነጋግረው፣ ቀኑ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያበቃ ሁለቱም አውቀው ነው። ራስን የመግዛት ትምህርት ያጣን ሕዝብ አይደለንም። በምግብ ላይ የተማርነውን ወደ ትዳር ታማኝነት ስናመጣው ግን ስንቁን ሁሉ ትተን «በርታ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ እናቀብላለን።

ወደ ፍቅር እንምጣ። ካሪል ረስበልት የተባለችው አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ምሁር ዕድሜዋን የሰጠችው ለአንድ ጥያቄ ነበር፤ ሰዎች ከአንድ ፍቅር ጋር ለምን ይቆያሉ? ደስታ ብቻውን አይበቃም አለች። ሰውየው ያለው ሌላ አማራጭ ምን ያህል ይስባል? እስካሁን በዚህ ግንኙነት ላይ ያፈሰሰው ጊዜ፣ ልጅ፣ ንብረት፣ ትዝታ ምን ያህል ነው? ቁርጠኝነት ከሦስቱ ይወለዳል። እስከዚህ ድረስ የሒሳብ ነገር ይመስላል። በ1989 እ.ኤ.አ. ከጆንሰን ጋር ያሳተመችው ጥናት ግን ሒሳቡን ራሱን አዛባው። ተሳታፊዎቹ ለአዲስ የፍቅረኛ ማገናኛ አገልግሎት አስተያየት እንዲሰጡ ተጠየቁ፤ የሰዎች ፎቶና መግለጫ ቀረበላቸው። ከፍቅረኛቸው ጋር እጅግ የተቆራኙት ሰዎች ከሁሉ ይበልጥ ያጣጣሉት ከሁሉ ይበልጥ ያማረውን ሰው ነበር። «ቆንጆ ነው፣ ግን ኩሩ ይመስላል»፣ «ይቺ የምትመቸኝ አይደለችም» ዓይነት ነገር። አማራጩ አደገኛ በሆነ መጠን ዓይናቸው ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ያየው ነበር። የተቆራኘ ሰው አማራጮቹን በእኩል ሚዛን አይመዝንም። ቁርጠኝነቱ ገና ሚዛኑን ሲያነሳ ሥራውን ጀምሯል።

ቴክሳስ ውስጥ ያስተምር የነበረው ሮላንድ ሚለር ደግሞ ከመመዘንም በፊት ያለውን ተመለከተ። በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ፍቅረኛ ያላቸውን ተማሪዎች የቆንጆ ሰዎችን ፎቶ እንዲያዩ አስቀመጣቸው፤ እያንዳንዱን ፎቶ የፈለጉትን ያህል ማየት ይችላሉ፣ ቆይታቸው በድብቅ ይመዘገባል። ከሁለት ወር በኋላ ሲጠየቁ፣ ዓይናቸው በተቃራኒ ፆታ ቆንጆዎች ላይ ረዘም ብሎ የቆየ ሰዎች ከፍቅረኛቸው የመለያየት ዕድላቸው የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ደስ ብሏቸው የሚኖሩት አማራጭ ስለሌላቸው አልነበረም። አማራጩ መኖሩን ብዙም ልብ አይሉትም ነበር።

ይህን ሳነብ የሚታወሰኝ የንጉሥ ዳዊት ታሪክ ነው። ነገሥታት ወደ ጦርነት በሚወጡበት ወቅት እሱ ኢየሩሳሌም ቀረ። ምሽት ከአልጋው ተነስቶ በሰገነቱ ላይ ሲመላለስ አንዲት ሴት ስትታጠብ አየ። ማየቱ አንድ ነገር ነው። ከዚያ ማን እንደሆነች ሰው ልኮ አስጠየቀ፤ የኦርዮ ሚስት መሆንዋ ተነገረው። ከዚያ በኋላ አስመጣት። ታሪኩ በመጽሐፉ ውስጥ በጣም ጥቂት መስመር ነው የሚወስደው፣ ነገር ግን ደረጃዎቹን አንድም ሳይዘል ይቆጥራል፤ ቀረ፣ አየ፣ ጠየቀ፣ ላከ። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ መመለስ ይቻል ነበር፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ግን መመለስ ከፊተኛው ይከብዳል። ዮሴፍን ስናይ ደግሞ፣ በመጽሐፍ ቅዱስም በቁርኣንም፣ በመጨረሻዋ ሰዓት ያደረገው መከራከር አልነበረም፤ ወደ በሩ ሮጠ። ከዚያም በፊት የጲጥፋራ ሚስት በየቀኑ ስትወተውተው አብሯት ከመሆን ይርቅ እንደነበር ኦሪት ዘፍጥረት ይናገራል። በመጨረሻዋ ሰዓት ለመሮጥ የቻለው ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ሲርቅ የኖረ ሰው ነው። በእስልምናም ወንዶችም ሴቶችም ዓይናቸውን እንዲሰብሩ ታዘዋል፤ ትእዛዙ ከወንዶች መጀመሩን ብዙ ሰው የሚረሳው ይመስለኛል።

ዛሬ ሰገነቱ እጃችን ላይ ነው። አብራን የተማረች ልጅ በፌስቡክ ብቅ ትላለች፤ ፎቶዋን ማየት ማየት ብቻ ነው። ማግባት አለማግባቷን ለማወቅ ወደ ታች መውረድ መጠየቅ ነው። «ጠፋሽ እኮ፣ ሰላም ነሽ?» ብሎ መላክ ደግሞ መላክ ነው። ከሦስቱ አንዱም በራሱ ክህደት አይባልም፣ ለዚህም ነው ማንም ለራሱ «አሁን ፈተና ውስጥ ነኝ» የማይለው። በባልቲሞር አካባቢ ለብዙ ዓመታት በትዳር ክህደት የተጎዱ ባለትዳሮችን ያማከረችው ሸርሊ ግላስ በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ያስገነዘበችው ይህንኑ ነው። ወደ ቢሮዋ ከሚመጡት ብዙዎቹ ሌላ ሰው ፍለጋ የወጡ አልነበሩም። ነገሩ የጀመረው በሥራ ቦታ፣ በንጹሕ ወዳጅነት ነው። ቀድሞ ባደረገችው ጥናትም ከትዳራቸው ውጭ ከሄዱት ወንዶች ከግማሽ የሚበልጡት ትዳራቸው ደስተኛ እንደነበር ተናግረዋል። «ደስተኛ ቢሆን ኖሮ አይሄድም ነበር» የሚለው ፍርዳችን፣ በተለይ የተበደለችውን ሚስት «አንቺ ምን አጎደልሽ?» የሚያሰኘን ፍርድ፣ መሠረት የለውም።

ግላስ ምልክቱን የፈለገችው በምሥጢር ውስጥ ነው። ሰውየው ስለ ትዳሩ ቅሬታ ለባልደረባው መንገር ሲጀምር፣ ከባልደረባው ጋር ያወራውን ደግሞ ለሚስቱ መንገር ሲያቆም፣ ሰውነት ሳይነካካ መንገዱ ተጀምሯል። እኔ ካነበብኳቸው መመዘኛዎች ሁሉ የበለጠ የሚያገለግለው ይህ ይመስለኛል፣ ማንም ሰው ለብቻው ተቀምጦ ሊመልሰው ይችላልና። ዛሬ ከእገሊት ጋር ያወራሁትን ማታ እራት ላይ እንዳለ ልናገረው እችላለሁ ወይ?

በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም ብዬ የማላልፈው ነገር አለ፤ «ወንድ ልጅ ነው» የሚለው ማለፊያ። በብዙ ቤት ውስጥ የሴት ልጅ ታማኝነት የቤተሰብ ክብር ሆኖ ከልጅነትዋ ጀምሮ ይጠበቃል፤ የወንድ ልጅ ደግሞ ከተገኘ ደግ፣ ካልተገኘም የተፈጥሮው ነው ይባላል። ጥናቱ ለዚህ ከፊል ምክንያት የሚሰጥ መስሎ ይጀምራል። በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ጆን ላይደንና ባልደረቦቹ በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ፍቅረኛ ያላቸው ሴቶች ከአንድ ማራኪ ወንድ ጋር ከተጨዋወቱ በኋላ ለፍቅረኛቸው ጥፋት ይበልጥ ታጋሽ ሲሆኑ ታዩ፤ አንዳች ነገር «ቤትሽን ጠብቂ» ያላቸው ይመስላል። ወንዶቹ ግን ማራኪ ሴት ካገኙ በኋላ ለፍቅረኛቸው ጥፋት የሚያሳዩት ትዕግሥት ቀነሰ። እዚህ ላይ ቆሞ «አያችሁ፣ ተፈጥሮ ነው» ማለት ይቻል ነበር። ላይደን ግን ወንዶቹን አንድ ነገር አሠራቸው። ማራኪ ሴት ስትቀርባቸው በዓይነ ሕሊናቸው እንዲያዩ፣ ከዚያም «እሷ ስትቀርበኝ ግንኙነቴን ለመጠበቅ እኔ…» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በራሳቸው ቃል እንዲጨርሱ ጠየቃቸው። ቀጥሎ በኮምፒውተር በተፈጠሩ ምናባዊ ክፍሎች ውስጥ እንዲዘዋወሩ ሲደረግ፣ በአንዳንዶቹ የቆንጆ ሴት ምስል ብልጭ ይል ነበር። ዓረፍተ ነገሩን የጨረሱት ወንዶች ወደ ምስሎቹ የመሳብ ነገራቸው ቀነሰ። ወንዶቹን የጎደላቸው ዝግጅት ነበር። ሴቶቹ ይህን ዝግጅት ከልጅነታቸው ጀምሮ ከእናት፣ ከአክስት፣ ከጎረቤት ሲቀበሉት ያደጉ ይመስለኛል፤ ወንዶቹን ማንም አላዘጋጃቸውም። ልጆቻችንን ስናሳድግ ይህን ማረም በእጃችን ነው።

በኔዘርላንድስ ቲላ ፕሮንክና ባልደረቦቿ በ2011 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ፍቅረኛ ያለው ወጣት ተማሪ ለሙከራ ተጠርቶ ሲመጣ ከአንዲት ቆንጆ ልጅ ጋር እንዲጠብቅ ይደረጋል። ልጅቷ የተመራማሪዎቹ ተባባሪ ናት፤ እሱ አያውቅም። ይጨዋወታሉ፣ ጨዋታው ይመዘናል። ሐሳባቸውን ሰብስበው በአንድ ነገር ላይ ማቆየት በሚጠይቅ ፈተና ዝቅተኛ ውጤት ያገኙት ወጣቶች ይበልጥ አሽኮረመሟት። ይህ የአእምሮ ችሎታ በሰውና በሰው ይለያያል፤ ስለዚህ ለአንዱ የሚቀለው ለሌላው ይከብዳል ማለት ነው፣ ይህንን መካድ ጭካኔ ነው። ነገር ግን ችሎታው አነስተኛ የሆነ ሰው እንዲህ ላለው ሰዓት ይበልጥ መዘጋጀት አለበት ማለት እንጂ ግዴታ የለበትም ማለት አይደለም።

እስካሁን ያልኩትን ሰምቶ አንዱ «እንግዲያው ዓይኑን እኔ ልጠብቅለት» ሊል ይችላል። ብዙ ቤት ውስጥ እየሆነ ያለውም ይኸው ነው። የስልክ ፓስወርድ ይጠየቃል፣ የቴሌግራም መልእክት ሌሊት ይበረበራል፣ «ይቺን ለምን ላይክ አደረግህ?» ይባላል፣ ባል የሚስቱን የሥራ ባልደረቦች በስም ቆጥሮ ከማን ጋር ምሳ እንዳትበላ ይከለክላል። ናታን ዲዋልና ባልደረቦቹ በ2011 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ለእንዲህ ያለው ቤት ከባድ ዜና ይዟል። ፍቅረኛ ያላቸውን ሰዎች ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው ጥንድ ጥንድ ፎቶ አሳዩአቸው፤ አንዱ ማራኪ፣ አንዱ መካከለኛ መልክ ያለው። ከፎቶው በኋላ ፊደል ብቅ ይላል፣ ፊደሉን ቶሎ መለየት አለባቸው። ለአንደኛው ቡድን ፊደሉ አብዛኛውን ጊዜ ብቅ የሚለው መካከለኛው ፎቶ በነበረበት በኩል ነው፤ ሥራውን ለመሥራት ዓይናቸው ከማራኪው መራቅ አለበት። ሳይነገራቸው ዓይናቸው ታሰረ። እነዚህ ሰዎች ከዚያ በኋላ በፍቅራቸው ያላቸው እርካታ ቀንሶ፣ ለመማገጥ ያላቸው አመለካከት ለስልሶ፣ ማራኪ ፊቶቹንም ይበልጥ አስታውሰው ተገኙ። ደስተኛ ፍቅረኞች በገዛ ራሳቸው የሚያደርጉት ዓይን መመለስ፣ ከውጭ ሲጫንባቸው የተገላቢጦሽ ሠራ።

ይህን ከፎቶና ከፊደል ሙከራ ወደ ሙሉ ትዳር ስንወስደው ልንጠነቀቅ ይገባል፤ በቤተ ሙከራ ውስጥ ያለ ደቂቃ ዓመታትን አይወክልም። ያም ሆኖ በዙሪያዬ ካየሁት ኑሮ ጋር ይስማማል። የተከደች ሴት ወይም የተከዳ ወንድ ለጊዜው ሁሉን ለማየት መጠየቁ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እምነት ሲጠገን ግልጽነት መድኃኒት ነው፣ ያጠፋው ሰው ራሱ ከፍቶ ሲያሳይ። ምንም ሳይበድል የሚበረበር ሰው ግን ታማኝነቱ የራሱ መሆኑ ይቀርና የሌላ ሰው ሥራ ይሆናል። ጠባቂው ሲያንቀላፋ ማን ይጠብቀዋል?

ሕጉም እዚህ ላይ አቅሙ ውስን ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት እርስ በርስ መተማመን እንዳለባቸው ይደነግጋል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በትዳር ላይ መማገጥን በአንቀጽ 652 ወንጀል አድርጎት፣ ክሱ በተበዳዩ ባል ወይም ሚስት አቤቱታ ብቻ እንዲቀርብ አድርጓል። ሁለቱም የሚደርሱት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ታዲያ ከውስጥ የሚሠራው ምንድን ነው? በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ጂያን ጎንዛጋ፣ ማርቲ ሃሰልተንና ባልደረቦቻቸው በ2008 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሙከራ ፍንጭ ይሰጣል። ፍቅረኛ ያላቸው ተማሪዎች ከብዙ ፎቶ ውስጥ ለእነሱ ማራኪ የሆነውን ሰው መረጡ። ከዚያ አንዳንዶቹ ለፍቅረኛቸው ስላላቸው ፍቅር፣ ሌሎቹ ለፍቅረኛቸው ስላላቸው የሥጋ ፍላጎት፣ ሌሎቹ ደግሞ ስለሌላ ነገር እየጻፉ፣ ያንን ማራኪ ሰው ከሐሳባቸው እንዲያወጡት ተነገራቸው። ሰውየው በሐሳባቸው በመጣ ቁጥር ምልክት ያደርጋሉ። ስለ ፍቅራቸው የጻፉት ምልክታቸው አነሰ፤ የማራኪውን ሰው መልክም ዘንግተውት ተገኙ። ስለ ሥጋ ፍላጎት መጻፉ ይህን ያህል አልረዳም። ፍላጎትና ፍቅር አብረው ቢኖሩም ጠባቂው ፍቅሩ ነው ማለት ነው። ስለሚወዱት ሰው በትኩረት ማሰብ፣ እንዴት እንደምትስቅ፣ በታመመ ጊዜ ምን እንዳደረገች፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ እንኳ፣ ሌላውን ያደበዝዘዋል።

ይህ በጣም የሚያስፈልገው በርቀት ላሉት ነው። ቤይሩት፣ ሪያድ ወይም ዱባይ ለቤት ሠራተኝነት የሄደች ሚስት ኮንትራቷ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ ባሏ ልጆቹን ይዞ ወሎ ወይም ጅማ ቀርቷል። ወይም ባልየው አሜሪካ ሆኖ የሚስቱን የቪዛ ሂደት ይጠብቃል፣ ሂደቱም ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። እነዚህ ሰዎች በኢሞና በዋትስአፕ ይደዋወላሉ። ጥሪው ብዙ ጊዜ ስለ ገንዘብ ነው፤ ብሩ ደረሰ ወይ፣ የቤት ኪራይ ተከፈለ ወይ፣ ልጁ ዩኒፎርም ተገዛለት ወይ። ገንዘቡ አስፈላጊ ነው፣ በላብ የተገኘ ነው። ነገር ግን ጥሪው ሁሉ የሒሳብ ማወራረጃ ሲሆን፣ በስልኩ ማዶ ያለው ሰው ቀስ በቀስ ከባልነት ወደ ተቀባይነት፣ ከሚስትነት ወደ ላኪነት ይቀየራል። ያኔ «ዛሬ ምን ዋልሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ማንኛውም ሰው ባዶውን ቦታ ይሞላዋል። በሳምንት አንድ ጥሪ ስለ ገንዘብ ምንም ሳይነሳበት እንዲያልፍ የሚስማሙ ባልና ሚስት ብዙ ሰዓት አልጠፋባቸውም፤ ቀኑን ቆርጦ መያዝ ብቻ ይበቃል።

አብያተ ክርስቲያናት ተጋቢዎችን ከጋብቻ በፊት የኤችአይቪ ምርመራ ውጤት እንዲያቀርቡ መጠየቅ ከጀመሩ ቆይቷል፤ የጋብቻ ትምህርትም በብዙ ቦታ ይሰጣል። በዚያ ትምህርት ላይ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢጨመር እመኛለሁ፣ በመስጊድም በሽማግሌ ፊትም እንዲሁ። ስለ ታማኝነት ክብር የሚሰብክ አይሁን፤ ያንን ሰምተውታል። ተጋቢዎቹ ወረቀትና እርሳስ ይዘው፣ መጀመሪያ ለየብቻ፣ ከዚያ አብረው፣ ሊመጣ የሚችለውን ቀን በስሙ ይጥሩት። የቀድሞ ፍቅረኛዬ መልእክት ሲልክልኝ ምን አደርጋለሁ? ለሥራ መስክ ወጥቼ ባልደረቦቼ ከእራት በኋላ ሌላ ቤት እንሂድ ሲሉኝ? በትዳሬ ቅር ሲለኝ ቅሬታዬን መጀመሪያ የምነግረው ለማን ነው? ከሥራ ጓደኛዬ ጋር የማወራውን ለአንተ መናገር ሳቆም ምን ብዬ ነው የምነግርህ? መልሱ በአንዱ ቤት «ሳልመልስ መጀመሪያ ለአንቺ እደውላለሁ» ይሆናል፣ በሌላው ቤት «ታላቅ ወንድሜን ይዤ እሄዳለሁ» ይሆናል። ቄሱም፣ ኡስታዙም፣ ሽማግሌውም ጥያቄውን ያንብቡላቸው እንጂ መልሱን አይሙሉላቸው፤ በላይደን ሙከራም የተጀመረውን ዓረፍተ ነገር የጨረሱት ወጣቶቹ ራሳቸው ነበሩ።